ጤና ጣቢያ ለወረርሽኝ መዘጋጀቱ በምን ይታወቃል? ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ የኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከዚያ በፊት በዞኑ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። የመመረቂያ ጥናቴን በተላላፊ በሽታዎች ስርጭትና በጤና ተቋማት ዝግጁነት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። 40 ጥያቄ ያለው ቼክሊስት አዘጋጅቻለሁ። መድኃኒት አለ ወይ፣ ዕቅድ አለ ወይ፣ ፈጣን ምላሽ ሰጪ ቡድን ተቋቁሟል ወይ የሚል ነው። አማካሪዬ ግን ስርጭቱና ዝግጁነቱ አልተገናኙም ይሉኛል። ቼክሊስቱ ይበቃል? የትኛውን በሽታ ልያዝ? ወረርሽኝ የሚተነብይ ሞዴልስ መሥራት እችላለሁ? ስንት ጤና ጣቢያ ልውሰድ? እርስዎ ቢመክሩኝ ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ናቸው። ርዕሱን መቀየር ግን አያስፈልግሽም። መቀየር ያለበት የምትለኪው ነገር ነው። የጤና ሥርዓት ዝግጁነት የሚታወቀው መደርደሪያ ላይ ባለው ዕቃ አይደለም። የመጀመሪያው ሰው ከታመመበት ቀን አንስቶ የመጀመሪያው እርምጃ እስከተወሰደበት ቀን ድረስ ስንት ቀን እንዳለፈ ቁጠሪ። ስርጭቱና ዝግጁነቱ የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው። እኛ በዘገየን ቁጥር በሽታው መንገዱን ይቀጥላል።

ስለ ቼክሊስቱ በግልጽ ልንገርሽ። ጤና ጣቢያ ስለሠራሽ ነገሩን ታውቂዋለሽ። «ከዩኒቨርሲቲ ሰው ይመጣል» ሲባል መጋዘኑ ይጠረጋል፣ ፋይሉ ይደረደራል። ቡድን ተቋቁሟል ወይ ብለሽ ስትጠይቂ የስም ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታገኚዋለሽ። ከተጻፉት አንዱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ይሆናል። ሌላዋ ወሊድ ፈቃድ ላይ ትሆናለች። ቼክሊስትሽ ግን «አዎ» ብሎ ያልፋል። መጨረሻ ላይ ዝግጁነቱ ይህን ያህል በመቶ ነው የሚል ቁጥር ይወጣል። ያ ቁጥር የወረዳውን ጤና ኃላፊ ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለባቸው አይነግራቸውም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ የጤና ደኅንነት ማውጫ 195 አገሮችን በዝግጁነት አወዳድሮ አሜሪካን አንደኛ አደረጋት። ብዙም ሳይቆይ ኮቪድ መጣ። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካ የሚበልጥ የኮቪድ ሞት ያስመዘገበ አገር የለም። ላቦራቶሪውም ባለሙያውም ነበራት። ማውጫው ያለውን ነገር በደንብ ቆጠረ፤ ያለው ነገር ምን ያህል ቶሎ ሥራ ላይ እንደሚውል ግን አላየም።

የራሳችን አካባቢ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያማል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን ቢጫ ወባ (ከወባ የተለየ፣ በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ) መታ። በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች ዳርቻ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ወደ 100,000 ሰው እንደታመመ፣ ወደ 30,000 እንደሞተ ይገመታል። የቢጫ ወባ ክትባት ከ1937 ጀምሮ በዓለም ላይ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የሞተው ክትባት ሳይፈለሰፍ ቀርቶ አይደለም። ክትባቱ በጊዜ ስላልደረሰለት ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ ሆኖ ዝግጁነትን የሚያጠና ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን አለን?» ብሎ ሳይሆን «መቼ ደረስን?» ብሎ ነው።

ለዚህ የሚሆን ቀላል መለኪያ አለ። ሰባት-አንድ-ሰባት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበ ነው። ወረርሽኙ ከጀመረ በ7 ቀን ውስጥ ይታወቅ፣ በታወቀ በ1 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው አካል ይነገር፣ ከዚያ በ7 ቀን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ዋና ዋና እርምጃዎች ይጠናቀቁ ይላል። የምወደው ጥፋቱ የት እንዳለ ስለሚያሳይ ነው። የመጀመሪያው ሰባት ካለፈ ችግሩ ጤና ኬላና ማኅበረሰቡ ጋ ነው፤ ሰው ታሞ ቤቱ ተኝቷል ወይም መጥቶም በሽታው አልታወቀም። አንዱ ቀን ካለፈ ችግሩ ሪፖርት ላይ ነው። የመጨረሻው ሰባት ካለፈ ደግሞ መኪና፣ ነዳጅ፣ አበል፣ ፊርማ ፈልጊ።

ስለዚህ ባለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት በዞኑ የተከሰቱ ወረርሽኞችን ወስደሽ ወደኋላ ተከተያቸው። በእኔ ምርጫ ሁለት በሽታ ይበቃሻል፦ ኩፍኝና ወባ። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ስለሆኑ የሥርዓቱን ሁለት የተለያዩ ጎኖች ያሳዩሻል።

ኩፍኝ ቀን ለመቁጠር የተመቸ ነው። ሽፍታው የወጣበት ቀን በላይን ሊስቱ (ታማሚዎቹ አንድ በአንድ በሚመዘገቡበት ዝርዝር) ላይ ይጻፋል። እናት ያንን ቀን አትረሳውም። አንድ ልጅ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣም በኋላ እስከ 4 ቀን ያስተላልፋል። ከተጋለጠበት ቀን እስከ ሽፍታው በአማካይ ሁለት ሳምንት ነው። እንግዲህ ስሌቱን ተመልከቺ። ከመጀመሪያው ልጅ እስከ ክትባት ዘመቻው አራት ሳምንት ካለፈ በሽታው ሁለት ዙር ተላልፏል ማለት ነው። ክትባት በሌለበት መንደር አንድ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከ12 እስከ 18 ለሚሆኑ ሌሎች ሊያስተላልፍ ይችላል። አማካሪሽ የጠየቁሽ የስርጭትና የዝግጁነት ግንኙነት ይኸውልሽ፤ የዘገየውን ቀን በሁለት ሳምንት አካፍዪው።

በአገራችን መመሪያ መሠረት በአንድ ወር ውስጥ 3 በላቦራቶሪ የተረጋገጡ ታማሚዎች ከተገኙ የኩፍኝ ወረርሽኝ ይባላል። ችግሩ «በላቦራቶሪ» የሚለው ላይ ነው። ናሙናው ከቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ ይሄዳል። ውጤቱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ናሙናው የተወሰደበትን፣ የተላከበትን፣ የደረሰበትንና ውጤቱ የተመለሰበትን ቀን ለየብቻ ጻፊ። አንድ ላይ ካጨቅሻቸው የት እንደቆመ አታዪውም።

የክትባት ሽፋን ቁጥርንም በሪፖርት ብቻ አትመኚው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ የቤት ለቤት ጥናት የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት ያገኙት ከ12 እስከ 23 ወር ያሉ ልጆች 59 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከተቋማት የሚላከው ሪፖርት ብዙ ጊዜ ከዚህ እጅግ የላቀ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። የወረዳ ሕዝብ ቁጥር አሁንም ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ እየተሰላ የሚመጣ ግምት ነው። አካፋዩ ከተሳሳተ ጎበዝ ጤና ጣቢያም የተሳሳተ በመቶኛ ያወጣል።

አሁን ወደ ወባ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም ብል አትጥዪኝ፤ ለጅማ ትልቁ ጉዳይ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወባን ከአገር ልናጠፋ ነው እየተባለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመዘገበው ታማሚ ከአንድ ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር። በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 (ሁለቱም በፈረንጅ) ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚና 1,157 ሞት ተመዘገበ። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የኦሮሚያ ነበር። ለእኔ ይህ የዝግጁነት ጥያቄ ነው። ወባ አዲስ በሽታ አይደለም። መቼ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ አነስ ባለ መጠን ደግሞ ከበልግ ዝናብ በኋላ። ቀጠሮ አክብሮ የሚመጣ በሽታ እንዲህ ከጣለን፣ ድንገት የሚመጣውን በምን እንችለዋለን?

ወባ ላይ ቀን ለመቁጠር መነሻሽ ሳምንታዊው ሪፖርት ነው። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የወባ መከታተያ ቻርት ሊኖረው ይገባል። የማንቂያ መስመሩ አወጣጥ ቀላል ነው። ያለፉትን 5 ዓመታት የዚያኑ ሳምንት ቁጥር ትወስጂና ሁለተኛውን ትልቅ ቁጥር ትመርጫለሽ። ለምሳሌ ያህል ቁጥሮቹ 12፣ 30፣ 18፣ 45 እና 22 ቢሆኑ መስመሩ 30 ነው። ዘንድሮ ከ30 ካለፈ ማንቂያው ይደወላል። የ5 ዓመት መረጃ ከሌለ ያለፈው ዓመት ቁጥር እጥፍ ይወሰዳል። አንቺ ደግሞ ወደኋላ ተመልሰሽ መስመሩ የተሻገረበትን ሳምንት ፈልጊ። ከዚያ ወረዳው መቼ እንዳወቀና መቼ እንደተንቀሳቀሰ ፈልጊ። በሁለቱ መካከል ያለው የሳምንት ብዛት የጥናትሽ ልብ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አድርጊልኝ። አንደኛው፣ ያለፉት ዓመታት ራሳቸው የወረርሽኝ ዓመታት ከሆኑ መስመሩ ሰማይ ይወጣል። በ2024 የታየው ቁጥር እንደ መደበኛ ከተወሰደ ማንቂያው ለዓመታት ላይደወል ይችላል። ሁለተኛው፣ የታማሚ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። ቁጥሩ የወረደው በሽታው ስለቀነሰ ነው ወይስ ፈጣን መመርመሪያ ኪት ስላለቀ? ከላቦራቶሪ መዝገቡ የተመረመረውን ሰው ብዛትም ውሰጂ። ከተመረመሩት ስንት በመቶው ወባ እንደተገኘባቸው ሲታይ ነው እውነቱ የሚገለጠው። ታማሚው ቀንሶ በመቶኛው ከጨመረ በሽታው አልቀነሰም፤ ምርመራው ነው የቀነሰው።

ኪቱ ራሱም ሁሉን አያይም። ብዙዎቹ ኪቶች ፋልሲፓረምን (ከባዱን የወባ ዓይነት የሚያመጣውን ተውሳክ) የሚለዩት በአንድ ፕሮቲን ነው። ያንን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጠፋባቸው ተውሳኮች በአገራችን ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በሚያዋስኑ አካባቢዎች ይህ መኖሩ በግልጽ ታይቷል። ስለዚህ ጤና ኬላ ላይ «ኔጌቲቭ» ተብሎ ጤና ጣቢያ ሲደርስ በማይክሮስኮፕ የተገኘበት ታማሚ ካየሽ አትለፊው።

በጅማ ዞን ስርጭቱን የሚያሽከረክሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ውሃና ቡና። በግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ዙሪያ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ከውሃው 3 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በብዛት በወባ ተይዘው ተገኝተዋል። ሆኖም እንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ ጥናት እንደ ፎቶግራፍ ነው። ማን እንደታመመ ያሳያል፤ በሽታው ከየትኛው ሳምንት ጀምሮ እንደተነሳና ማን ቀድሞ እንዳወቀ አያሳይም። ያንን የምታሟዪው አንቺ ነሽ። በኦሞ ናዳ፣ በቀርሳ፣ በሶኮሩና በጢሮ አፈታ በኩል የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል ለዓመታት የሕዝብ ክትትል ሲያደርግ ቆይቷል። ተማሪ ስለሆንሽ ይህ ዕድል ደጅሽ ላይ ነው።

ቡናው ደግሞ ብዙ ተመራማሪ የሚዘለው ነገር ነው። ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ ይደምቃል። የወባው ከፍተኛ ወቅትም ያኔ ነው። በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ኮሳ በኩል ለቀማና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠሩ ወጣቶች ከሌላ ቦታ ይመጣሉ። በመጠለያ ተደራርበው ያድራሉ፤ ብዙውን ጊዜ አጎበር የለም። የቀበሌው ሕዝብ ቁጥር ውስጥ ስለሌሉ አጎበርም ኮአርተምም (የወባው መድኃኒት) ሲታቀድ አልታሰቡም። ቆላ ሄደው ሠርተው የሚመለሱ የደጋ ልጆችም አሉ። መዝገብ ላይ አድራሻ የሚለውን ዓምድ በጥንቃቄ እዪው። «ከሌላ ቦታ» የሚል ከበዛ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ለምን እንዳለቀ ገብቶሻል።

ወደፊት ደግሞ የከተማው ወባ አለ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው ወረርሽኝ ጋርም ተያያዘች። የለመድናት አኖፌለስ አረቢያንሲስ ዝናብ ያቆረውን ኩሬ ትፈልጋለች። ይህቺኛዋ ግን በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ ጉድጓድ ትራባለች። ዝናብ አትጠብቅም። ጅማ ከተማ ውስጥ በደረቅ ወራት ከከተማ ያልወጡ የወባ ታማሚዎች መዝገብ ላይ ከታዩሽ ለዞኑ ሳትዘገዪ አሳውቂ። ጥናቱ እስኪያልቅ አይጠበቅም።

ቀኖቹን ከየት ታገኛለሽ? ከሰው ትዝታ ብቻ አይሆንም። ሰው ቀን ይረሳል፣ ወይም የሚያምረውን ቀን ይነግርሻል። ወረቀት ፈልጊ። የተመላላሽ ታካሚዎች መዝገብ፣ የላቦራቶሪ መዝገብ፣ ላይን ሊስት፣ ሳምንታዊ ሪፖርቱ የተላከበት ቀን። ከዚያ አልፈሽ መጋዘን ግቢ። ቢን ካርዱ (የመጋዘኑ ዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) ላይ ኪቱ ዜሮ የሆነበትና እንደገና የገባበት ቀን አለ። ሞዴል 19 ዕቃው ወረዳ የገባበትን፣ ሞዴል 22 የወጣበትን ቀን ይነግርሻል። የትንኝ መግደያው ኬሚካል ወረዳ ገብቶ የቤት ርጭቱ ስንት ሳምንት ዘግይቶ እንደተጀመረ የምታውቂው ከዚህ ነው። የመኪና ስምሪት መዝገብና የነዳጅ ኩፖንም አትናቂ። ቃለ ጉባኤ ውሸት ሊጻፍበት ይችላል፤ ኪሎ ሜትር የተመዘገበበት ስምሪት ላይ ግን ቡድኑ የወጣበት ቀን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ወረቀቱን ካየሽ በኋላ ሰው አናግሪ። «ዝግጁ ናችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ መልሱ ይታወቃል። «ያን ጊዜ መጀመሪያ ማን ደወለ? ለማን? ስልኩ ባይሠራ ምን ታደርጊ ነበር? መኪናው እስኪመጣ ምን ሠራችሁ?» በይ። በተለይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አትለፊያት። ሁለት ሆነው 5,000 የሚሆን ሕዝብ ይዘዋል። ክትባቱም፣ እርግዝናውም፣ ሽንት ቤቱም፣ ሪፖርቱም፣ የቀበሌው ስብሰባም እነሱ ላይ ነው። ወዲያው ሪፖርት ሊደረጉ የሚገባቸውን በሽታዎች በ30 ደቂቃ ውስጥ አሳውቂ የሚለው መመሪያ በመጨረሻ የሚያርፈው እሷ ስልክ ላይ ነው፤ የካርድ ብሩን ብዙ ጊዜ ከኪሷ አውጥታ። ይህንን ሳይጽፍ የሚያልፍ የዝግጁነት ጥናት ለእኔ ጥናት አይደለም። ጥያቄሽን በአፋን ኦሮሞ አዘጋጂው፤ ከአማርኛ እያስተረጎምሽ አትጠይቂ። የተናጋሪዎቹን ስምና የጤና ኬላውን ስም ደግሞ በጽሑፍሽ አታውጪ። የዘገየችውን ባለሙያ አሳልፎ የሚሰጥ ጥናት በሚቀጥለው ወረርሽኝ ሁሉም ሰው ቀኑን አስተካክሎ እንዲጽፍ ነው የሚያስተምረው።

ስለ ሞዴሉ ጥያቄሽ መልሴ አጭር ነው፤ አሁን አትግቢበት። ትንበያ የሚሠራው ያልተቆራረጠ መረጃ ሲኖር ነው። ኪት ያለቀበት፣ ሪፖርት ያልተላከበት ሳምንት ሁሉ ለሞዴሉ «በሽታ የለም» ይለዋል። የሳምንቱን ታማሚ፣ የተመረመረውን ሰውና ኪት ያልነበረበትን ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ በኤክሴል ሥዪ። ከቻልሽ ዝናቡን ጨምሪበት፤ ወባው ከዝናቡ አንድ ሁለት ወር ተከትሎ እንደሚነሳ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ይህ ገጽ ለወረዳው ከብዙ ቀመር በላይ ይጠቅማል።

ስንት ጤና ጣቢያ ላልሽው፣ የምትቆጥሪው ጤና ጣቢያ ሳይሆን ወረርሽኝ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ወረዳ ውሰጂ፤ አንዱ በግድቡ በኩል፣ አንዱ ቡና የሚበዛበት፣ ሦስተኛው ከመንገድ የራቀ ይሁን። በእነሱ ውስጥ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ክስተቶችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተከተልሽ ለማስተርስ ከበቂ በላይ ነው። ቼክሊስትሽንም አትጣዪው። ወደ አሥር ጥያቄ አሳጥሪውና ቀኖቹን ከቆጠርሽ በኋላ ሙዪው። ቼክሊስቱ ላይ «አዎ» የበዛለት ጤና ጣቢያ በቀን ቆጠራውም ፈጣን ነው ወይ ብለሽ አወዳድሪ። በዚህ አካባቢ ይህን በቀን አስደግፎ የሚያሳይ ሥራ ያስፈልገናል።

የሥነ ምግባር ፈቃዱን ከዩኒቨርሲቲው፣ የድጋፍ ደብዳቤውን ከዞንና ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ቀድመሽ ያዢ። ደብዳቤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ሳምንታት ይበላል። ቢቻል እስከ ሰኔ ጨርሺው። በክረምቱ መዝገቦቹን ስታገላብጪ ትቆያለሽ። መስከረም ከገባ በኋላ የወባ ተጠሪዎቹ መስክ ላይ ስለሚሆኑ ቢሮ አታገኚያቸውም። ከቻልሽ ያኔ አብረሻቸው ውጪ፤ የዘንድሮውን ማንቂያ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረሽ እዚያው ትቆጥሪዋለሽ።